ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ተቀምጦ ለሚውል ሠራተኛ የእሑድ እርምጃ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 49 ነው። የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ቀኑን ሙሉ ከወንበር አልነሣም። በቅርቡ የደም ግፊቴ ሲለካ 142/90 ሆኗል። ጂም የምገባበት ጊዜ የለኝም፤ እሑድ እሑድ ግን ከባለቤቴ ጋር ዝግ ብለን በእግራችን እንሄዳለን። ይህ ይበቃኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእሑዱን ጉዞ አይተዉት፤ ብቻውን ግን አይበቃዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ፈጠን ያለ እርምጃ ይህን ያሟላል። ፈጠን ያለ የሚባለው እየተራመዱ ማውራት የሚችሉበት፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽዎ የማይበቃበት ፍጥነት ነው፤ በሜዳ ላይ በ15 ሴኮንድ 25 እርምጃ ገደማ ይሆናል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጡ ግን ቆጠራውን ትተው ትንፋሽዎን ይከታተሉ፤ ዳገት ላይ ዝግ ብሎ መሄድም ልብን ያሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት፣ ተቀምጠው የሚውሉት የለንደን አውቶቡስ ሾፌሮች የባለ ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ይበልጥ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አሳይቷል (የሾፌሮቹ ወገብ ሰፋ ያለ እንደነበር በኋላ ስለታወቀ፣ ልዩነቱን ሁሉ በመቀመጥ ማሳበብ ተገቢ አይደለም)። የጭንና የባት ጡንቻዎች ለሰዓታት ሥራ ሲፈቱ ከደም ውስጥ የሚወስዱት ስኳር ጥቂት ነው። ሲንቀሳቀሱ ግን ኢንሱሊን በደንብ በማይሠራለት ሰው እንኳ ስኳሩን ይስባሉ፤ የደም ሥሮችም ስለሚላሉ ከእርምጃው በኋላ ግፊቱ ቀነስ ይላል። ከምሳ በኋላ ወዲያው ወደ ወንበር ከመመለስ ይልቅ 15 ደቂቃ ያህል መራመድን የምመክረው ለዚህ ነው። ቀደም ሲል 10 ደቂቃ ያልሞላ እንቅስቃሴ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው መመሪያ ይህ ገደብ ስለተነሣ፣ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመው ወርደው ፈጠን እያሉ መሄድዎም ሆነ የቢሮዎን ደረጃ በእግር መውጣትዎ ይቆጠርልዎታል።

የደም ግፊትዎን የተለኩት አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ በሌላ ቀን 5 ደቂቃ ዐርፈው በድጋሚ ይለኩ። እርምጃ የላይኛውን ቁጥር በጥቂቱ ሊያወርደው ይችላል፤ ከፍ እንዳለ ከቀጠለ ግን ሐኪም የሚያዝልዎትን መድኃኒት አይተካም። እየተራመዱ ደረትዎን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ከተሰማዎት ወዲያው ይቁሙ፤ ዐረፍ ሲሉ ቢተውዎትም በዚያው ዕለት ሐኪም ይይዎት፤ ካልተወዎት ሳይዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።