መልስ፦ ማታ ማታ የሚመጣው የወንድምሽ ትኩሳት

እህቴ፣ ሐዋሳ ያለው ወንድምሽ ወር ሙሉ ማታ ማታ እያተኮሰው፣ የታይፎይድና የወባ መድኃኒት ወስዶም አልሻለው ስላለ ጨንቆሻል። ባለቤቴንም እንዲሁ አድርጓት ነበር። ደጋግመው ታይፎይድ ነው አሏት። በኋላ የተገኘው የአዋቂዎች ስቲል በሽታ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ያለ ኢንፌክሽን ተቆጥቶ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣበት ብዙ የማይታይ በሽታ ነው።

ትኩሳቱ ከ39 ዲግሪ በላይ ይወጣና ይወርዳል። አብሮት ቀላ ያለ ሽፍታ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ሲወጣ ቶሎ በስልክ ፎቶ አንሺው፣ ሐኪም ጋ ስትደርሱ ላይኖር ይችላል። ጉሮሮና መገጣጠሚያም ያማል።

በሽታውን ብቻውን የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም። መጀመሪያ ቲቢ፣ ሌላ ኢንፌክሽንና የደም ካንሰር አለመኖሩ ይጣራል። ስለ ፌሪቲን (በሰውነት ውስጥ ብረት የሚያከማች ፕሮቲን) የደም ምርመራ ሐኪሙን ጠይቁት፤ በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ በጣም ከፍ ይላል። ከተረጋገጠ አብዛኛውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የተባለ የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ ስቴሮይድ ይታዘዛል፤ ሜቶትሬክሴት የተባለ ሌላ መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒትም ሊጨመር ይችላል። አደራ፣ ሳይጣራ ፕሬድኒሶሎን ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትሰጡት። የተደበቀ ቲቢ ካለ ያባብስበታል።