የማይነሳው ቬንትሌተርና የሚግለው ሞተር

የአንባቢያን የመኪና ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የምነዳው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ የቤት መኪና ነው። በክፍት መንገድ ስጓዝ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሃል አይነቃነቅም፤ መንገዱ ሲጨናነቅና መኪናው በሚኒሞ ሲቆም ግን ቀስ በቀስ ወደ ቀዩ መስመር ይወጣል፤ የራዲያተሩ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተርም ሲነሳ አይታይም። አንድ ጋራዥ የቬንትሌተሩን ሞተር በአዲስ ቀይሮልኝ ነበር፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። አሁን ደግሞ ቬንትሌተሩን ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኝቼ ከመሪው ሥር በሚገጠም ማብሪያ እንዳስነሳው፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቴርሞስታትም አውጥቼ እንድጥለው የሚመክሩኝ አሉ። ምክሩን ልቀበለው?

መልስ፦ ምክሩን ከመቀበልዎ በፊት መኪናው ራሱ የሰጠዎትን ፍንጭ እንጠቀምበት። መኪና በሰዓት ከ50 ወይም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ከፊት የሚገባው ነፋስ በአብዛኛው ብቻውን ራዲያተሩን ለማቀዝቀዝ ይበቃል፤ ቬንትሌተሩ የሚፈለገው ይህ ነፋስ በማይኖርበት ጊዜ፣ ማለትም መኪናው ሲቆምና ሲያዘግም ነው። ስለዚህ በክፍት መንገድ ሙቀቱን ጠብቆ፣ ሲቆም የሚግል ሞተር በቅድሚያ የሚያስጠረጥረው የአየር ፍሰቱን ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ በፍጥነት ሲሄዱ ወይም ዳገት ሲወጡ እየጋለ በሚኒሞ የሚረጋጋ ቢሆን ኖሮ፣ ጥርጣሬዬ ወደ ተደፈነ ራዲያተር፣ ወደ ደከመ የውሃ ፓምፕ ወይም በከፊል ብቻ ወደሚከፈት ቴርሞስታት ይሄድ ነበር።

ይሁን እንጂ ቬንትሌተሩ አለመነሳቱ ለመበላሸቱ ማስረጃ አይሆንም፤ የቬንትሌተሩን ሞተር የቀየረልዎ ጋራዥም የሳተው ይህን ይመስለኛል። በእርስዎ ዓይነት መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተር በመካከል አይገባም። በራዲያተሩ ጎን ወይም ግርጌ፣ በአንዳንዶቹም በሞተሩ የውሃ መውጫ ላይ የተጠመዘዘ የሙቀት ስዊች አለ፤ ውሃው እንደ መኪናው ዓይነት በአብዛኛው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል ወደ ተወሰነለት ሙቀት ሲደርስ ስዊቹ ሪሌውን፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዝዞ ብዙ ኃይል የሚያሳልፈውን ማብሪያ፣ ያዝዛል፤ ሪሌው ደግሞ በፊውዝ በኩል የመጣውን የባትሪ ኃይል ለቬንትሌተሩ ሞተር ይለቃል። ከእነዚህ አንዱ ቢቋረጥ፣ ወይም ሁሉም ደህና ሆነው ስዊቹ የተቀመጠበት ውሃ ባይሞቅ፣ ከውጭ የሚታየው ያው የቬንትሌተሩ አለመነሳት ብቻ ነው። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ በትክክል እስኪታወቅ ድረስ አንድም ተጨማሪ መለዋወጫ ባይገዙ እመርጣለሁ።

እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ግን ይህን ያጢኑ። የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ሞተሩ ጠፍቶም፣ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ቁልፉ ተነቅሎም፣ በድንገት ሊነሳ ይችላል፤ በክንፎቹ አካባቢ በሚሠሩበት ጊዜ ሁሉ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉ። የራዲያተሩንም ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ አይክፈቱ። በግፊት የታመቀው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ ሲላላ ግን በቅጽበት ፈልቶ ይፈናጠራል፣ የሚያደርሰውም ቃጠሎ ከባድ ነው።

ምርመራውን ከቬንትሌተሩ ጀምረው ወደ ኋላ ይሂዱ። ሶኬቱን ነቅለው፣ ፊውዝ በተገጠመበት ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ኃይል ይስጡት። በሙሉ ጉልበት ከዞረ ጤነኛ ነው፤ አዲስ የተገጠመ ቢሆንም ይህን ሳያረጋግጡ አይለፉ። ካልተነሳ፣ ወይም ጀርባውን በእንጨት ነካ ሲያደርጉት ብቻ የሚነሳ ከሆነ፣ በውስጡ ኃይሉን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀዋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ቀጥሎ ፊውዙና ሪሌው ናቸው። ፊውዙን በዓይን ብቻ አይመኑት፤ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ኃይል መኖሩን በመልቲሜትር ይለኩ። በአሮጌ መኪኖች ላይ የተቃጠለ ፊውዝ ብቻ ሳይሆን በሙቀት የጠቆረ፣ የላላ ወይም የዛገ የፊውዝ መያዣም በተደጋጋሚ ያጋጥማል፤ የቬንትሌተር ሞተር ሲዞር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 አምፔር፣ ሊነሳ ሲል ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለሚስብ፣ ጥቂት የንክኪ ጉድለት እንኳ ቦታውን እያጋለ ይበልጥ ያበላሸዋል። ሪሌውን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ቁጥሩና የእግሮቹ አሰላለፍ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ሪሌ፣ ለምሳሌ የክላክሱን፣ ለጊዜው በቦታው መሰካት ነው። ብዙ ሰው ሪሌው ጠቅ ሲል ከሰማ ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ድምፁ የሚመሰክረው ግን 85 እና 86 ተብለው በተጻፉት እግሮቹ መካከል ያለው ጥቅል ሽቦ መሥራቱን እንጂ፣ ከ30 ወደ 87 ኃይል የሚያሳልፈው ንክኪ አለመቃጠሉን አይደለም።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው የሙቀት ስዊቹ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ተቃራኒ ዓይነት ስላለ አንዱን ለመፈተን የሚያገለግለው ዘዴ በሌላው ላይ ፍጹም የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። በብዙ የአውሮፓ መኪኖችና በሌሎችም ላይ ስዊቹ ሲበርድ ክፍት ነው፤ ሲሞቅ ይዘጋና ኃይል ያስተላልፋል። ቶዮታን ጨምሮ በበርካታ አሮጌ የጃፓን መኪኖች ላይ ደግሞ ሲበርድ ዝግ ነው፤ ሲሞቅ ይከፈትና ሪሌው ቬንትሌተሩን እንዲያስነሳ ይለቀዋል። የኋለኛው አሠራር የታሰበበት ነው፤ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ቬንትሌተሩ ይነሳል እንጂ ሞተሩ አይነድም። የመኪናዎን ዓይነት ስላልገለጹልን ሁለቱንም ይሞክሩ። ቁልፉን አብርተው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ የስዊቹን ሶኬት ይንቀሉ። በመንቀልዎ ብቻ ቬንትሌተሩ ከተነሳ ስዊቹ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ካልተነሳ የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ሶኬቱ አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ከሆነ ያንኑ ሽቦ ከማሳ፣ ማለትም ቀለም ከሌለበት የሞተሩ ብረት ጋር ያነካኩ። በዚህ ከተነሳ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ከሁለቱ በአንዱ ከተነሳ ከሶኬቱ እስከ ቬንትሌተሩ ያለው መስመር ሁሉ ጤነኛ ስለሆነ፣ የሚቀረው ስዊቹ ራሱ ወይም የተቀመጠበት ውሃ ነው። በሁለቱም መንገድ ካልተነሳ ደግሞ መቋረጡ በሪሌው፣ በሽቦው ወይም በማሳው ላይ ነው፤ በተለይ ማሳው ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበትን ብሎን ፈትተው ዝገቱን ያጽዱ።

ስዊቹን ለመፈተን ሞተሩ ሲበርድ ይፍቱትና ጫፉን ብቻ ውሃ ውስጥ ነክረው ውሃውን እያሞቁ በቴርሞሜትርና በመልቲሜትር ይከታተሉ። በብዙዎቹ ስዊቾች ላይ የሚሠሩበት ዲግሪ ተቀርጿል፤ ወደዚያ ዲግሪ ሲደርስ ካልተቀየረ መለወጥ አለበት። የዳሽቦርዱን ቀስት የሚያንቀሳቅሰው ብዙውን ጊዜ በሞተሩ ላይ የተተከለ ሌላ ዕቃ መሆኑንም አይዘንጉ። ቀስቱ ቀይ ላይ መድረሱ የቬንትሌተሩ ስዊች ያንን ሙቀት አግኝቶታል ማለት አይደለም።

ስዊቹም ጤነኛ ከሆነ ጥያቄው ወደ ውሃው ይዞራል። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ እየነደደ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በራዲያተሩ ላይ ያለው ስዊች ሙቀት ስለማያገኝ ቬንትሌተሩን የሚያስነሳበት ምክንያት አይኖረውም። የላይኛው የራዲያተር ጎማ በጣም ግሎ የታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ መቅረቱ ምልክቱ ነው። የእርስዎ መኪና በክፍት መንገድ ሙቀቱን ስለሚጠብቅ ይህ ምክንያት ብዙም አያስጠረጥረኝም። የውሃ ማነስና በመስመሩ ውስጥ የታመቀ አየር ግን በሚገባ ሊመረመሩ ይገባል፤ የስዊቹ ጫፍ በውሃ ካልተሸፈነ ሙቀቱን በትክክል አይለካም። ሞተሩ እንደበረደ ክዳኑን ከፍተው ውሃውን ይሙሉ፣ የጓዳ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ በሚኒሞ እየሠራ አረፋው እስኪያልቅ ድረስ እየጨመሩ ይጠብቁ። አረፋው ማለቂያ ካጣ፣ ወይም ሞተሩ ገና ከመነሳቱ የራዲያተሩ ጎማዎች በግፊት ከጠነከሩ፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት፣ ማለትም መድፈኛው፣ ጋዝ ወደ ውሃው እያሳለፈ ሊሆን ይችላልና ከዚያ በኋላ በቬንትሌተሩ ላይ ጊዜ አያጥፉ።

አሁን ወደተሰጥዎት ምክር። ቬንትሌተሩን በማብሪያ ብቻ ማሠራትን እንደ ዘላቂ መፍትሔ አልደግፈውም። የሞተሩን ደኅንነት በአሽከርካሪው ማስታወስ ላይ ይጥለዋል፤ አንድ ቀን የተረሳ ማብሪያ ቴስታታውን ለማጣመም ይበቃል። ከዚህም በላይ ተራ የጓዳ ማብሪያና ቀጭን ሽቦ 20 አምፔር የመሸከም አቅም ስለሌላቸው ይግላሉ፣ ፊውዝም ከሌለ እሳት ያስነሳሉ። መንገድ ላይ ተቸግረው እስከ ጋራዥ ለመድረስ ከሆነ፣ ፊውዝ ባለው ወፍራም ሽቦ፣ አደርገዋለሁ። የእጅ ማብሪያ እንዲኖርዎ አጥብቀው ከፈለጉና ስዊችዎ ሲሞቅ የሚዘጋው ዓይነት ከሆነ፣ ማብሪያው ከስዊቹ ጎን ለጎን ሪሌውን ብቻ እንዲያዝዝ ተደርጎ ይሠራ። ያን ጊዜ በማብሪያው የሚያልፈው ኃይል ጥቂት ነው፤ ቢረሱትም ስዊቹ የራሱን ሥራ ይሠራል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ደግሞ ከናካቴው መደረግ የለበትም። ሞተሩ ወደተሠራለት ሙቀት ሳይደርስ ስለሚሠራ ነዳጅ ይፈጃል፣ ውስጡም ይበላል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር ሳይሄድ የሚመለሰውን የውሃ መንገድ አብሮ ይዘጋል፤ ሲወጣ ያ መንገድ ክፍት ይቀርና ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ግለትን ለማዳን የተወሰደው እርምጃ ግለቱን ሊያባብሰው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬን አቁሜ ቁልፉን ከነቀልኩ በኋላም ቬንትሌተሩ መዞሩን ይቀጥላል። ብልሽት ነው?

መልስ፦ ለጥቂት ደቂቃ ዞሮ የሚያቆም ከሆነ ብልሽት አይደለም። ሞተሩ ሲጠፋ የውሃው ዝውውር ስለሚቆም በብረቱ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ወደ ውሃው ይተላለፍና ለጊዜው ይጨምራል፤ የቬንትሌተራቸው መስመር ከባትሪ በቀጥታ በተዘረጋላቸው መኪኖች ላይ ይህን ሙቀት ማስወገድ የታሰበበት አሠራር ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶም የማያቆም ከሆነ፣ ወይም ጠዋት ገና ሳይሞቅ የሚነሳ ከሆነ፣ የሪሌው ንክኪ ተጣብቋል፤ አለዚያም በላይኛው መልስ እንደተገለጸው ሲሞቅ የሚከፈት ስዊች ያለው መኪና ከሆነ የስዊቹ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ሶኬቱ ላልቷል። ባትሪው እንዳያልቅ ለማደሪያ ሪሌውን ነቅለው ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ጠዋት መመለሱን ግን እንዳይረሱ።

ጥያቄ፦ የእኔ ቬንትሌተር በጊዜው ይነሳል፣ ሞተሩ ግን በሚኒሞ ይግላል። ቬንትሌተሩና ራዲያተሩ በቅርቡ ተፈትተው ተገጥመዋል።

መልስ፦ ከተፈታ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ መጀመሪያ የአየሩን አቅጣጫ ይመልከቱ። የቬንትሌተሩ ሞተር ሁለት ሽቦዎች ተዘዋውረው ከተያዙ ቬንትሌተሩ በተቃራኒው ስለሚዞር አየሩን በጉዞ ላይ ከሚገባው ነፋስ በተጻራሪ ይገፋዋል። ቬንትሌተሩ በሚዞርበት ጊዜ ቀጭን ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ያቅርቡ፤ ወረቀቱ ወደ ራዲያተሩ ተስቦ መለጠፍ አለበት፤ ከተገፋ አቅጣጫው ተገልብጧል። በቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ማቀፊያ ሳይመለስ ቀርቶ ከሆነም ያስመልሱት፤ ያለ እርሱ ክንፎቹ የሚስቡት ከፊት ለፊታቸው ያለውን የራዲያተር ክፍል ብቻ ነው፣ የቀረው ያለ አየር ይቀራል።

አቅጣጫውም ማቀፊያውም ትክክል ከሆኑ ፍጥነቱን ይመርምሩ። ቬንትሌተሩ እየዞረ መልቲሜትሩን በባትሪው ኔጌቲቭና በቬንትሌተሩ ኔጌቲቭ ሽቦ መካከል ሲያስገቡ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ደካማ ነው፤ በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ ይለኩ። ከዚያ በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የኤር ኮንዲሽነር ኮንደንሰር መካከል ያለውን ቦታ በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ ከፊት የማይታይ የአቧራና የነፍሳት ክምችት በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው፣ በለስላሳ የውሃ ግፊትም ከቬንትሌተሩ በኩል ወደ ፊት ይታጠባል። ቀስቱ ቀይ ሳይደርስ ውሃው የሚፈላና የሚተፋ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ይቀይሩ። በክዳኑ ላይ የተጻፈው 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የሚይዘው ግፊት መጠን ስለሆነ፣ የሚገዙት አዲስ ክዳን አምራቹ ካዘዘው ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት።