ዳገት መሃል ሞተሩ ሲጠፋ

በሰሜን ሸዋ የምትሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወንድሜ፣ ችግርህን እንዲህ ገልጸኸዋል፤ ባለ125 ሲሲ ሞተር ብስክሌትህ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ቆላው ላይ እንደ ልብ ይሄዳል። የክትባት ሣጥን ጭነህ ወደ ጣርማ በር መንደሮች ስትወጣ ግን ይደክማል፣ የፊት ጎማው ይነሣል፣ በቅርቡም ዳገት መሃል ጠፍቶ ወደ ኋላ ጥሎሃል።

መጀመሪያ ሣጥኑን እይ። ከኋላ ጎማው መሃል አልፎ የተንጠለጠለ ጭነት ፊቱን ወደ ላይ ያነሣል። ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ግን ይገለብጣል። ወደ መቀመጫው አስጠግተህ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ አድርገህ እሰረው።

ድካሙ የከፍታው ነው። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥተህ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ፤ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚያዋህድ ክፍል) ያለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ካርቡሬተሩን ለደጋ አስተካክሉልኝ አትበል፤ ያው ብስክሌት ቆላ ሲወርድ ነዳጅ አንሶት ይግላል። ይልቅ ከሞተሩ በኩል ያለውን ካቴናው የሚዞርበትን ትንሹን ባለጥርስ ክብ በአንድ ጥርስ በሚያንስ አስለውጥ። አስፋልት ላይ ፍጥነትህ ጥቂት ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ ግን ትካሳለህ።

ማርሽ የሚመረጠው ዳገቱ ሥር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ይበቃል። እግር ማሳረፊያው ላይ ቁም፣ ደረትህን ወደ መሪው አስጠጋ፣ ነዳጁን ሳትቆራርጥ ስጥ። ፊቱ ከተነሣ ነዳጁን ከመዝጋት ይልቅ ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን የግራ እጅ መያዣ) ለቅጽበት ነካ አድርግ።

አሁን ዋናው። ማርሽ ውስጥ እንዳለ ከጠፋብህ ፍሪሲዮኑን አትጨብጥ! ሰው ሲደነግጥ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ፍሪሲዮኑ ካልተያዘ ሞተሩ ራሱ የኋላውን ጎማ ቆልፎ ይይዝልሃል፤ ከተያዘ ግን የሚቀርህ የፊት ፍሬን ብቻ ነው። ክብደቱ በሙሉ ወደ ኋላ ስለ ሄደ የፊት ጎማው ፍሬን ተይዞም ይንሸራተታል። እኔ ቁርጭምጭሚቴን የተሰበርኩት በዚሁ ስሕተት ነው፤ ስለዚህ አደራ እልሃለሁ።

የፊት ፍሬኑን እንደያዝህ ተንፍስ፤ አትቸኩል። በግራ በኩል ውረድ። መሪውን ወደ ግራ አዙረህ ፍሪሲዮኑን በስሱ ያዝ ለቀቅ እያደረግህ በየስንዝሩ ወደ ኋላ አውርደው። የኋላ ጎማው ወደ ግራ ይዞርና ብስክሌቱ ለዳገቱ አግድም ይቆማል፤ አንተም በላይ በኩል ትሆናለህ። ከብስክሌቱ በታች ፈጽሞ አትቁም። ከዚያ መሪውን ወደ ቀኝ መልሰህ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙር። ሞተሩ እንደጠፋ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን እንደ ፍሬን እየተጠቀምህ ከጎኑ በእግርህ አውርደው።

ሥሩ ደርሰህ እንደገና ሞክር። ሁለተኛው ሙከራም ካልሆነ ክትባቱን ተሸክመህ በእግር አድርስና ተመልሰህ ባዶውን ብስክሌት አውጣ።