የቀላቀልከው ፕላስቲክ እውነት አዲስ ነው?

ከአዘዞ የጻፈልኝ ወጣት የጀሪካን ፍጭ 70፣ የማዳበሪያ ከረጢት ፍጭ 25፣ የጎማ ማያያዣ 5 በመቶ ቀላቅሎ ሣጥን ይሠራል። ሣጥኑ ሲወድቅ አይሰነጠቅም። ቅዳሜ ገበያ ሊያወጣው ነው፤ ፓተንትም (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሊጠይቅበት አስቧል። «አዲስ መሆኑን በምን ልወቅ?» ይላል። የማመልከቻውን ረቂቅም ልኮልኛል።

ወንድሜ፣ ረቂቅህን ሳነብ ወዲያው የጠረጠርኩት አንድ ነገር ነው። አዲስ ያልከው ቅልቅሉን ሳይሆን ጥንካሬውን ነው። ያው ቅልቅል ቀድሞ ተጽፎ ከተገኘ ጥንካሬው ያኔም ውስጡ ነበረ። አንተ ስለለካኸው አዲስ አይሆንም። የጀሪካኑ ፕላስቲክ ፖሊኢትሊንና የከረጢቱ ፖሊፕሮፒሊን በራሳቸው አይዋሃዱም፤ በኤትሊን ፕሮፒሊን ጎማ ማያያዝ ደግሞ የቆየ ዘዴ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ማመልከቻህ ሳይገባ ለማንም አታሳይ። በኢትዮጵያ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አዲስነት የሚለካው በመላው ዓለም ነው፤ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎትም። ቅዳሜ ገበያ ብታወጣው ራስህ ይፋ አደረግኸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ረቂቅህ «ፖሊፕሮፒሊን ከ15 እስከ 35 በመቶ» ይላል። ይህን ከአዘዞ እስከ ጎንደር ፒያሳ ያለው መንገድ አድርገህ አስበው። አንተ «መንገዱ በሙሉ ባዶ ነው» እያልክ ነው። አንድ የድሮ ሰነድ 30 በመቶ የያዘ ምሳሌ ከሰጠና ሌላው ግብአትም ካንተ ጋር ከገጠመ፣ መሃል መንገድ ላይ ሰው ቆሟል። አንድ ሰው ይበቃል። በተቃራኒው የድሮው ሰነድ «ከ5 እስከ 90» ብሎ በጅምላ ቢያልፍና አንተ «ከ24 እስከ 26» ብትል፣ እሱ መንገዱን ጠራ እንጂ ያንተን ደጃፍ አላመለከተም። ጠባቡ ሊያልፍ ይችላል። ያ ቦታ ከግራ ቀኙ የተለየ ነገር እንደሚያደርግ ግን በሙከራ አሳይ። ሁለት ሰነዶች ግማሽ ግማሹን ቢይዙ አዲስነትህን አይጥሉም፤ ያኔ ክርክሩ «ለባለሙያ ግልጽ ነበር ወይ?» ወደሚለው ይዞራል።

እስፔስኔት በተባለው የፓተንት ሰነዶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ የእነዚህን ፕላስቲኮች ቅልቅል መደብ ቁጥሮች፣ ሲ08ኤል (C08L) 23/06ንና 23/12ን ፈልግ። ርዕሱን ተወው፤ የምሳሌዎቹን ሠንጠረዥ አንብብ። በመቶው በክብደት ይሁን በይዘት (በሚይዘው ቦታ) እይ።

ረቂቁን የጻፈልህ ሰው «ተስማሚ ማያያዣ» ብሎ አበላሽቶታል። ይህ ቃል ጎማውን ሁሉ ስለሚያቅፍ፣ ያው ቅልቅል ከየትኛውም ማያያዣ ጋር የተጻፈበት የድሮ ሰነድ ይመታሃል። የጎማውን ዓይነት በስሙ ጻፍ።

ገበያው ላይ «ንጹህ ፒፒ» (ፖሊፕሮፒሊን) እየተባለ የሚሸጠው ርካሽ ፍጭም ያናድደኛል። ውሃ ላይ ፒፒውም የጀሪካኑ ፕላስቲክም ስለሚንሳፈፉ ውሃ አይለይልህም። ብረት ምጣድ 145 ዲግሪ አድርስና ጥቂት ፍሬ በትን። የጀሪካኑ ዘር መስታወት መስሎ ይጣበቃል፤ ፒፒው እንደ ጠጠር ይቀመጣል። የሚጣበቅ ከበዛ 25 ያልከው 25 አይደለም፤ የረቂቅህ ቁጥርም ውሸት ነው።

ሣጥኖቹን ማመልከቻህ የገባበትን ቀን እስክትይዝ ቤት አቆያቸው። ቲክቶክ ላይም እንዳትለቃቸው። አንዳንድ አገር ለባለቤቱ የጥቂት ወራት ፋታ ይሰጣል፤ በዚያ አትመካ።