ስልክ ከመላካችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን እዩ

ወገኖቼ፣ ለቤተሰብ ወደ አገር ቤት ስልክ ስትልኩ ብዙዎቻችሁ የምታዩት ካሜራውን፣ ሚሞሪውንና ባትሪውን ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የሞዴል ቁጥሩን እንድታዩ አደራ እላችኋለሁ። በስም አንድ የሆኑ፣ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የማይለዩ ሁለት ስልኮች የሚይዙት ሞገድ ሊለያይ ይችላል። አንዱ ኢትዮጵያ ደርሶ ሲም እንደገባለት ያለ ችግር ይሠራል። ሌላው ለመደወል ይሆናል፣ ዳታ ሲከፈት ግን ይንቀራፈፋል። ቤተሰብ ደግሞ ስጦታችሁን ያቃለለ እንዳይመስልበት ዝም ይላል። እናንተም "የአገር ቤት ኔትወርክ እንዲህ ነው" ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ጥፋቱ ግን የስልኩ ሊሆን ይችላል።

ሞባይል ስልክ ሬዲዮ ነው። ከታወሩ ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ለሞባይል የተመደበው ሞገድ ቁርጥ ቁርጥ ተደርጎ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ባንድ ይባላል፣ የራሱ ቁጥርም አለው። የትኛውን ባንድ የትኛው ኩባንያ እንደሚጠቀም የሚወስነው የየአገሩ መንግሥት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደግሞ ዓለምን በሦስት ቀጠና ከፍሎ ነው የሚሠራው። አፍሪካና አውሮፓ፣ ከአብዛኛው መካከለኛው ምሥራቅ ጋር፣ በአንደኛው ቀጠና ናቸው። አሜሪካና ካናዳ በሁለተኛው፣ የእስያ ሰፊው ክፍልና አውስትራሊያ በሦስተኛው።

ልዩነቱ የቆየ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አሜሪካ በ1983 የሞባይል አገልግሎት ስትጀምር የተጠቀመችው 850 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ነበር። አውሮፓውያን በ1987 ጂኤስኤም ለተባለው የሁለተኛው ትውልድ (2ጂ) ኔትወርክ 900ን ለመመደብ ተስማሙ። በኋላ እነሱ 1800ን ሲጨምሩ አሜሪካ 1900ን ጨመረች። ኢትዮጵያ የሄደችው በአውሮፓው መንገድ ነው። 2ጂው በ900 እና በ1800፣ 3ጂው በዋናነት በ2100 ነው። 4ጂ በ2015 አዲስ አበባ ውስጥ ሲጀመርም በ1800 ላይ ነበር። ይህ 1800 በ4ጂ ቋንቋ ባንድ 3 ይባላል። በዓለም ላይ ለ4ጂ በብዛት ከሚሠራባቸው ባንዶች አንዱም እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ግን 4ጂ በአብዛኛው የሚሠራው በባንድ 2፣ 4፣ 5፣ 12፣ 13፣ 66 እና 71 ነው። ባንድ 3 እዚያ ለሕዝብ ሞባይል አይውልም። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ታስቦ በርካሽ የተሠራ ስልክ ባንድ 3ን ጨርሶ ላይዝ ይችላል። በጣም የሚያሳስቡኝ እነዚህ ናቸው፤ ከአንድ ኩባንያ የቅድመ ክፍያ ሲም ጋር የሚሸጡት ትንንሾቹ ስልኮች። ዋጋቸው ይማርካል፣ ለዘመድ አዝማድ በብዛት ይገዛሉ፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ተጥለው ይቀራሉ። የቅርብ ዓመታት አይፎኖችና የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ ስልኮች ላይ ይህ ስጋት አነስተኛ ነው፤ ከ20 በላይ የ4ጂ ባንዶች ይይዛሉ። ከአውሮፓ ወይም ከአረብ አገር የተገዛ ስልክም በባንድ በኩል ብዙም አያስቸግርም።

"ይሠራል ወይስ አይሠራም?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ "በከፊል" ነው። ዝቅ ያለ ሞገድ፣ ማለትም ከ700 እስከ 900 ያለው፣ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም ያልፋል። ከፍ ያለው፣ 2600 ወይም 3500 የሆነው፣ ብዙ ዳታ ይሸከማል እንጂ ሩቅ አይሄድም። ኩባንያዎች ሰው በታጨቀበት ከተማ ከፍተኛውን ይጨምራሉ፣ ገጠሩን ለመሸፈን በዝቅተኛው ይተማመናሉ። ስለዚህ ዝቅተኛው የጎደለው ስልክ መሀል ከተማ ሲሞከር ምንም አይወጣለትም። ከከተማ ሲወጣ ግን ይጠፋል፤ ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥም ይዳከማል። የምትልኩለት ሰው የሚኖረው ገጠር ከሆነ ባንድ 8 (900)፣ ባንድ 20 (800) እና ባንድ 28 (700) ስልኩ ላይ መኖራቸውን እዩ። ሁሉም ላያስፈልጉ ይችላሉ፤ መኖራቸው ግን አይጎዳም።

የምትጠይቁት ሁለተኛ ነገር ሰውዬው የማንን ሲም እንደሚጠቀም ነው። ከ2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም አለ። ሁለት ኩባንያ ማለት ሁለት የተለያየ የባንድ ድልድል ማለት ነው። ለአንዱ ሲም የተመቸ ስልክ ለሌላውም እኩል ይመቻል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ፍተሻው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚለውን ክፈቱ፣ የሞዴል ቁጥሩ እዚያ አለ። ሳምሰንግ ላይ መጨረሻዋን ፊደል እዩ። የእንግሊዝኛው ዩ ካለ ለአሜሪካ የተሠራ ነው፤ ደብልዩ ለካናዳ፣ ኤን ለደቡብ ኮሪያ፣ ቢ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለአውሮፓና ለሌሎች አገሮች። አይፎን ላይ የሞዴል ቁጥሩን አንዴ ስትነኩት በኤ ፊደል ወደሚጀምረው ቁጥር ይቀየራል። ለምሳሌ አይፎን 13 የአሜሪካው ኤ2482፣ የአውሮፓና የብዙ ሌሎች አገሮች ደግሞ ኤ2633 ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ የባንዶቹን ዝርዝር አውጡ፣ ከዚያ ስልኩ በሚሄድበት አገር ካለው ኔትወርክ ጋር አስተያዩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሻጩ "ኢንተርናሽናል ነው፣ የትም ይሠራል" ቢላችሁ በዚያ ብቻ አትርኩ፤ ቁጥሩን አሳየኝ በሉት።

"አፕዴት ሲደረግ ይስተካከላል" የሚል ምክርም አትስሙ። ባንድ የሚያዘው በአንቴናና በማጣሪያ ዕቃ ነው፤ ዕቃው ስልኩ ውስጥ ካልተገጠመ ሶፍትዌር አይፈጥረውም። ቤተሰቦቻችሁም ለዚህ ብለው ለጥገና ገንዘብ እንዳያወጡ ንገሯቸው። ለ5ጂ ብላችሁም ብዙ አትጨነቁ። በተለይ አሜሪካ ውስጥ በጣም ፈጣን እየተባለ የሚወደሰው ሚሊሜትር ሞገድ የሚደርሰው ከታወሩ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። አገር ቤት ላለ ሰው የተሟላ 4ጂ ይበልጥበታል።

ከአገር ቤት ወደ እናንተ የሚመጣ ስልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። እናት ወይም አባት ሊጠይቋችሁ ሲመጡ የለመዱትን ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘው ይመጣሉ። ያ ስልክ የሚያውቀው ምናልባት 2ጂን ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ 2ጂን የዘጋው በ2017 ነው፤ በ2022 ደግሞ ሦስቱም ትላልቅ ኩባንያዎች 3ጂን ዘጉ። አውስትራሊያም በ2024 3ጂን ጨርሳ ዘግታለች። ጀርመን በ2021 3ጂን ስትዘጋ 2ጂን ግን ስለተወችው እዚያ አሮጌው ስልክ ቢያንስ ይደውላል። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ግን ጂኤስኤም የሚባል ኔትወርክ ድሮም አልነበራቸውም።

2ጂና 3ጂ በተዘጉበት አገር የድምፅ ጥሪ የሚሄደው በ4ጂ ላይ ነው፤ ቮልቲ ይሉታል። እዚህ ላይ በደንብ አስተውሉ። ስልኩ 4ጂ ይዞ፣ ኢንተርኔቱም እየሠራ፣ መደወል ግን እምቢ ሊል ይችላል። ምክንያቱም ቮልቲ በዚያ ኩባንያ ዘንድ ለዚያ ሞዴል መፈቀድ አለበት፤ አንዳንድ ኩባንያዎች የሚፈቅዱት ዝርዝራቸው ውስጥ ላለ ስልክ ብቻ ነው። በዋትሳፕና በቴሌግራም ስለሚደወል ማንም ልብ ሳይለው ይቆያል። አምቡላንስ መጥራት ሲያስፈልግ ነው የሚታወቀው። አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሯ መደወል የማይችሉ ስልኮች ከኔትወርክ እንዲታገዱ አድርጋለች። ለሚመጣው ዘመድ ሲም ስታወጡለት ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አይኤምኢአይ የሚባለውን የስልኩን መለያ ቁጥር አስገብታችሁ ፈትሹ። ቁጥሩ *#06# ሲደወል ይወጣል።

የሲም ማስገቢያውንም እዩ። ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ የሚሠሩት የአይፎን 14፣ 15፣ 16 እና 17 ስልኮች የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ ኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) ብቻ ናቸው። አይፎን 17 ላይ ይህ ወደ ካናዳ፣ ጃፓን፣ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ባህሬንና ኦማንም ተስፋፍቷል። ቻይና ውስጥ የሚሸጡት ብዙዎቹ አይፎኖች በተቃራኒው ሁለት ተራ ሲም ይቀበላሉ። ኢሲም ብቻ የሆነ ስልክ ከመላካችሁ በፊት ተቀባዩ ቁጥሩን ወደ ኢሲም ለማስቀየር ዝግጁ መሆኑን አረጋግጡ። ለአረጋዊ ሰው እኔ አልመርጠውም። ሲሙን አውጥተው ሌላ ስልክ ውስጥ መክተት የለመዱ ናቸው።

በመጨረሻ ሎኩ አለ። ባንዱ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ሎክ የሆነ ስልክ የሌላ ኩባንያ ሲም አይቀበልም። ካናዳ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ አዳዲስ ስልኮች ክፍት ሆነው እንዲሸጡ አዝዛለች፤ እንግሊዝም ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ከልክላለች። አሜሪካ ውስጥ ግን በየወሩ እየተከፈለ የሚወሰድ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ሎክ ነው፤ የሚከፈተውም ዕዳው አልቆ የኩባንያው መስፈርት ሲሟላ ነው። ጥያቄውን የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ የሂሳቡ ባለቤት ስለሆነ አገር ቤት ሆኖ ማስከፈት ያደክማል። ዕዳው ያላለቀ ስልክ ደግሞ ክፍያው ከተቋረጠ ጥቁር መዝገብ ውስጥ (ኔትወርክ የሚከለከሉ ስልኮች ዝርዝር ውስጥ) ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ስልኩ ገና እጃችሁ ላይ እያለ የሌላ ኩባንያ ሲም ከጓደኛ ተውሳችሁ አስገቡበት፣ ደውሉበት፣ ዳታም ክፈቱበት።