መልስ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለእህትሽ እንዴት ነው?

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ! «ታናሽ እህቴ ባሕር ዳር ደርሷታል፤ ምን ይመስላል?» ላልሽው፣ እኔ እዚያ ስለተማርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አንድ ግቢ ብቻ እንዳይመስላት። ዩኒቨርሲቲው በ2000 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሁለት አንጋፋ ተቋማት ተዋህደው ነው፤ በ1963 የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና በ1972 የተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ማለትም የፔዳጎጂ አካዳሚ። ለዚህ ነው ሰው እስከ ዛሬ «ፖሊ» እና «ፔዳ» የሚለው። ኢንጂነሪንግ ከሆነ ፖሊ ትገባለች። ግብርና ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ነው።

ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ትምህርትም አለው። ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለው። የመሬት አስተዳደርም እንደዚሁ። ባሕር የሌላት አገር የመርከብ መሐንዲስ ሳይቀር እዚህ ታሠለጥናለች፤ ይሄ ሁሌ ያኮራኛል። ዲፓርትመንት ሳትመርጥ እነዚህን በደንብ ትጠይቅ።

ከተማው ይሞቃል። ወፍራም ብርድ ልብስ ከመሸከም አጎበር ትያዝ፣ ትንኙ አያስተኛም። ፔዳ ከሆነች አባይ ቅርቧ ነው። እኛ ከሰዓት በኋላ ሃንድአውታችንን ይዘን ዛፍ ሥር ነበር የምናጠናው። የደረሳትን ትምህርት ክፍል ንገሪኝ፣ የማውቀውን እጨምርልሻለሁ።