«የዋጥኩት ክኒን ይሆን ልጄን የጎዳው?»

ጥያቄ፦ 32 ዓመቴ ነው። ልጄ 3 ወሩ ነው። ዳውን ሲንድረም አለበት ተባልኩ፤ የደም ውጤቱ «47 ክሮሞዞም» ይላል። እርጉዝ መሆኔን ሳላውቅ የራስ ምታት ክኒን ወስጄ ነበር። በ5ኛው ወርም ክፉኛ ደንግጬ ነበር። ከዚያ ይሆን? የልብ ምርመራ አዘውለት ነበር፤ ትንሽ ይጠንክር ብዬ አቆየሁት። ለአእምሮው ቫይታሚን ገዝቼ እየሰጠሁት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ክኒኑ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳዎት ግን «ልጄን የጎዳሁት እኔ ነኝ ወይ?» የሚለው ይመስለኛል። አይደሉም።

ክሮሞዞም በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ያለ፣ የዘር መረጃ የያዘ ክር ነው። አብዛኛው ሰው 46 ክሮሞዞም በ23 ጥንድ አለው፤ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲዘጋጅ ጥንዶቹ መለያየት አለባቸው። አንዳንዴ 21ኛው ጥንድ ሳይለያይ አብሮ ይቀራል። ያኔ ልጁ ሁለት ሳይሆን ሦስት 21ኛ ክሮሞዞም ይዞ ይጸነሳል። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 100 ልጆች 95 ያህሉ እንዲህ ናቸው።

ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚፈጠረው በእንቁላሉ በኩል ነው። ይህን የምነግርዎ እውነቱን እንዲያውቁ እንጂ ራስዎን እንዲወቅሱ አይደለም። የእርስዎ እንቁላሎች ክፍፍል የጀመሩት እርስዎ ራስዎ በእናትዎ ማህፀን ሳሉ ነው። ከዚያ ለዓመታት ባሉበት ቆመው ይጠብቃሉ። አንዲት እናት በእርግዝናዋ የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ የተጣላችውን ሰው ሳይቀር በደብተር ጽፋ አምጥታልኝ ነበር። ገጹን አብረን እያገላበጥን አለቀሰች። እንቁላሉ ግን ደብተሩ ሳይከፈት ነው ያለቀለት። የ5ኛው ወር ድንጋጤም ወደ ኋላ ሄዶ ክሮሞዞም አይጨምርም። ክኒንም፣ እርግማንም፣ ኃጢአትም አይጨምርም። ማንም «እንዲህ ባታደርጊ ኖሮ» ቢልዎት አይስሙት።

የእናት እድሜ እንዲህ ያለ ልጅ የመውለድ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል፤ በ35 ዓመት ከ350 እርግዝና አንድ ገደማ፣ በ40 ከ100 አንድ ገደማ ነው። እርስዎ ግን አንዴ እንዲህ ያለ ልጅ ስለወለዱ፣ ለሚቀጥለው ልጅ በእርስዎ እድሜም ከ100 አንድ ያህል ነው።

አሁን ግን ልቆጣዎት ነው። «ትንሽ ይጠንክር» ማለት ምን ማለት ነው? ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ሐኪሙ በጆሮው ምንም ላይሰማ ይችላል፤ ለዚህ ነው የልብ አልትራሳውንድ የሚታዘዘው። በልቡ ውስጥ ትልቅ ቀዳዳ ካለ እና ከቆየ የሳንባው ደም ስሮች ይጎዳሉ፤ ያኔ ቀዶ ሕክምናው ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። በዚህ ሳምንት ይውሰዱት። ሲጠባ ግንባሩን ያልበዋል? ለመተንፈስ ጡቱን ቶሎ ቶሎ ይለቃል? የጎድን አጥንቱ ስር ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል? ኪሎው አልጨምር ብሏል? ከእነዚህ አንዱን ካዩ ዛሬውኑ ይሂዱ። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ቫይታሚኑን ያቁሙ። ክሮሞዞም የሚቀንስ ቫይታሚን የለም፤ አንዳንዱ ሲበዛ ሕፃን ይጎዳል። ጠርሙሱን ይዘውት ይሂዱና ለሐኪሙ ያሳዩት። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ምርመራ ተደርጎለት እንደሆነም እዚያው ይጠይቁ። ጡትዎን ግን አያቋርጡበት። ቀስ ብሎ ይጠባ ይሆናል፤ ጊዜ ይስጡት።